ደም እንጂ ላብ የማይቆጥር ሕግ

በስኮትላንድ የአናጺ ልጅ ሆኖ ተወልዶ በ18 ዓመቱ ከቤት የወጣ፣ ከዚያ ወዲያ የአባቱን ደጅ ያልረገጠ ሰው፣ አባቱ ሲሞት ከሚንቀሳቀሰው ንብረት የልጅነት ድርሻውን መጠየቅ ይችላል። ይህን ድርሻ ኑዛዜ አያስቀርበትም፤ ይርጋውም 20 ዓመት ነው። ወንድሙ ደግሞ እዚያው ወርክሾፕ የቀረ ሊሆን ይችላል፤ እንጨት ሲልግ፣ ደንበኛ ሲያባብል፣ የአባቱን ዕዳ ተሯሩጦ ሲከፍል፣ «ነገ ሁሉም ያንተው ነው» እየተባለ በግማሽ ደመወዝ የኖረ። ይኸኛው በእጁ ያለው የአፍ ተስፋ ብቻ ከሆነ ሕጉ ብዙም አይሰማውም። ያልተከፈለኝን ልጠይቅ ቢል ይርጋው በአብዛኛው 5 ዓመት ነው፤ ቆጠራው ከየትኛው ቀን ይጀምራል የሚለው ራሱ ሌላ ሙግት ይወጣዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአናጺ፣ በግንበኛ፣ በቧንቧ ሠራተኛና በዳቦ ጋጋሪ ቤተሰቦች ውስጥ የሚነሣው የውርስ ጠብ ሲወራ አብዛኛው ሰው ጣቱን ወደ ስግብግብነት ይቀስራል። ስግብግብ የለም አልልም። ነገር ግን ጠቡ በየቤቱ አንድ ዓይነት መልክ የሚይዘው፣ የቀረው ልጅና የሄደው ልጅ ጎራ ለይተው የሚቆሙት፣ ሁለቱም ከልባቸው ተበደልኩ የሚሉት በጠባያቸው ብቻ ነው ማለት ይከብዳል። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ የስኮትላንድ የውርስ ሕግ መወለድን በሚገባ ይቆጥራል፤ ለዓመታት በአንድ ቤት ሥራ ላይ የፈሰሰን ላብ ግን የሚመዝንበት ሚዛን የለውም። የባለሙያ ቤተሰብ ሀብት ደግሞ ከሁለቱ የተቀየጠ ነው። አንደኛውን ብቻ በሚያይ ሕግ ሲከፋፈል፣ ያልታየው ወገን መጮኹ የሚያስገርም አይደለም።

ስኮትላንድ በ1707 ከእንግሊዝ ጋር በአንድ ፓርላማ ሥር ስትሆን ሕጓንና ፍርድ ቤቶቿን እንደያዘች ነው። ስለዚህ ለንደን ያለ አባት ልጁን በኑዛዜ ባዶ እጁን ማስቀረት ይችላል፤ ልጁ ችግሬን ተመልከቱልኝ ብሎ በ1975 በወጣ ሕግ መሠረት ዳኛ ፊት ሊቀርብ ይችላል እንጂ የተቆረጠ ድርሻ የለውም። ኤዲንብራ ያለ አባት ግን እንዲህ ማድረግ አይችልም። ሚስትና ልጆች ትቶ ከሞተ፣ ከሚንቀሳቀስ ንብረቱ አንድ ሦስተኛው የሚስት፣ አንድ ሦስተኛው የልጆች ነው፤ በኑዛዜ እንደ ልቡ የሚያዝበት የቀረውን ሦስተኛ ብቻ ነው። ሚስት ቀድማ ከሞተች የልጆቹ ድርሻ ወደ ግማሽ ከፍ ይላል። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተናዛዡ በቂ ምክንያቱን በኑዛዜው ገልጾ ልጁን ከውርስ ሊነቅል ይችላል፤ ስኮትላንዳዊው አባት ግን ምክንያት ቢደረድርም ይህን ድርሻ መንካት አይችልም። ልጁ ማድረግ ያለበት መምረጥ ነው፤ ወይ በኑዛዜው የተተወለትን ይወስዳል፣ ወይ ኑዛዜውን ትቶ ሕጋዊ ድርሻውን። ሁለቱንም አያገኝም።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው በሚንቀሳቀስ ንብረት ላይ ብቻ ነው። መሬትና ሕንፃ ከልጆች ድርሻ ውጭ ናቸው። ልዩነቱ ከመካከለኛው ዘመን የመጣ ነው፤ የመሬት ባለቤት የነበሩት መኳንንት ርስታቸው እንዳይሸረፍ ወደ በኩር ልጅ ብቻ እንዲያልፍ ፈለጉ፣ ሕጉም እንደ ፈቃዳቸው ሆነ። እስከ 1868 ድረስ መሬትን በተራ ኑዛዜ ማስተላለፍ እንኳ አይቻልም ነበር። ኑዛዜ በሌለበት መሬት ለበኩር ወንድ ልጅ የሚለው ደንብ የተሻረው ገና በ1964 ነው፤ ያም ማለት ዛሬ በሕይወት ያሉ ሴቶች ልጆች ሆነው ሳለ ከወንድማቸው በኋላ የሚቆሙ ነበሩ። ጥንት መዶሻና መሮ ብቻ ለነበረው ባለእጅ ይህ ሁሉ የጌቶች ጉዳይ ነበር። የእሱ ሀብት በሙሉ የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ልጆቹ ወንድ ሴት፣ በኩር ታናሽ ሳይባል በእኩል ይካፈሉት ነበር። ጣጣው የመጣው ባለእጁ ግቢና ወርክሾፕ መግዛት ሲጀምር ነው። ያኔ ለባላባት ርስት የተሰመረው መስመር በመጋዙና መጋዙ በተተከለበት ወለል መካከል አለፈ።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። ሚስቱ ቀድማ የሞተች፣ ሦስት ልጆች ያሉት አንድ አናጺ እናስብ። 200,000 ፓውንድ የሚያወጣ መኖሪያ ቤት፣ 300,000 ፓውንድ የሚያወጣ ግቢ ከነወርክሾፑ አለው። ማሽኖቹ፣ ሁለቱ ቫኖች፣ የተከመረው ጣውላ፣ ከደንበኛ ያልተሰበሰበው ሒሳብና በባንክ ያለው ገንዘብ ዕዳው ተቀንሶ 240,000 ፓውንድ ይመጣል። ሁሉንም አብሮት ለሠራው ልጅ ተናዘዘ። ሁለቱ ሌሎች ልጆች ኑዛዜው ባዶ ስላስቀራቸው የልጅነት ድርሻቸውን ይጠይቃሉ፦ የ240,000 ግማሹ 120,000፣ ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 40,000። ወራሹ ልጅ ኑዛዜውን ስለተቀበለ የእሱ 40,000 እዚያው ይቀራል፤ ለሁለቱ 80,000 ፓውንድ ከፍሎ ሥራውን ይቀጥላል። ከባድ ነው፤ ግን ይቻላል።

አሁን ሰውየው፣ ልጆቹና ግቢው እንዳሉ ሆነው አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ከመሞቱ ከዓመታት በፊት አንድ የሒሳብ ባለሙያ ግቢውን በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስም አዛውረው ብሎ መክሮታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሟቹ ያለው መሬት ሳይሆን አክሲዮን ነው፤ አክሲዮን ደግሞ የሚንቀሳቀስ ንብረት ነው። የልጆች ድርሻ የሚሰላው ከ240,000 መሆኑ ቀርቶ ከ540,000 ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ 90,000፣ ለሁለቱ 180,000 ፓውንድ። ወለዱም አባት ከሞተበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል። ግቢው ግን አንድ ጡብ አልተጨመረበትም፤ አባትየውም በልጆቹ መካከል ስላለው ፍትሕ አንድም ቃል አልተናገረም። አንድ የታክስ ምክር የልጆቹን ዕድል ከእጥፍ በላይ አዛባው። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ቢባል፣ ወይ ግቢው ተይዞ ብድር ይወሰዳል፣ ወይ ግቢው ይሸጣል። ያኔ የሄዱት ልጆች የአባታቸውን ወርክሾፕ ያፈረሱ ተብለው ይወቀሳሉ፤ ያደረጉት ግን የሕግ ባለሙያ ያሰላላቸውን መቀበል ነው።

ሽርክና ቢሆንም ያው ነው። በ1890 የወጣው የሽርክና ሕግ፣ ሌላ ሐሳብ መኖሩ ካልታየ በስተቀር፣ የሽርክናው ንብረት የሆነን መሬት በሸሪኮችም ሆነ በሟች ወራሾች መካከል እንደሚንቀሳቀስ ንብረት ይቆጥረዋል። ይኸው ሕግ በውል ሌላ ነገር ካልተባለ አንድ ሸሪክ ሲሞት ሽርክናው ይፈርሳል ይላል። አባትና ልጅ በወረቀት ሳይሆን በመተማመን ሲሠሩ ኖረው አባት አንድ ማለዳ ቢሞት፣ የሠራተኛ ደመወዝ በሚከፈልበት ሳምንት ድርጅቱ በሕግ ፊት የፈረሰ ነው። ከዚያ የሒሳብ መዝገቡ ይገለጣል። ግቢው የተመዘገበው ከብዙ ዓመት በፊት በተገዛበት ዋጋ ነው፤ ከተማው ግን አድጎ ዙሪያውን በላው። የሟች ድርሻ የሚሰላው በመዝገቡ ዋጋ ነው ወይስ በዛሬው ገበያ? የቀረው ልጅ በመዝገቡ ይላል፣ የሄዱት በገበያው ይላሉ፤ ሁለቱም አባታችን ያሰበው ይህን ነበር ብለው ይምላሉ። የስኮትላንድ ፍርድ ቤቶች በዚህ አንድ ጥያቄ ላይ ደጋግመው ውለዋል። መልሱ ባብዛኛው የተንጠለጠለው አባት በጥድፊያ በፈረመው የሽርክና ውል ውስጥ ባለ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ካለ። በቫኑ ጎን በትልቁ የተቀባው «እና ልጆቹ» የሚለው ጽሑፍ ለማንም ሳንቲም ድርሻ አይሰጥም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ ታዲያ የቃል ተስፋው የት ሄደ ሊል ይችላል። በእንግሊዝ ይህ ጥያቄ መልስ አለው። ያለ ደመወዝ ወደ 30 ዓመት ገደማ በዘመዱ እርሻ የሠራ አንድ የሶመርሴት ገበሬ ጉዳይ በ2009፣ ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ እስከነበረው የጌቶች ምክር ቤት ደርሶ፣ በግልጽ ተነግሮ እንኳ የማያውቀው ተስፋ እርሻውን አስገኝቶለታል። በ2022 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ የእርሻ ቤተሰብ ጉዳይ ይህንኑ መንገድ አጽንቶ የካሣውን ስሌት አስተካክሏል። ስኮትላንድ ውስጥ ግን በዚህ መልክ የቆመ መሣሪያ የለም። በ1995 የወጣው ሕግ በመሬት ላይ መብት የሚፈጥር ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል፤ በንግድ ሥራ ሒደት ያልተገባ የነጻ ቃል ኪዳንም እንዲሁ። በቃሉ ተማምኖ ለተጎዳ ሰው ጠባብ መውጫ ትቷል፤ ነገር ግን አባት ሻይ እየጠጣ የተናገረውን በዚያ ቀዳዳ ማሳለፍ ቀላል አይደለም። ሌላው መንገድ «በእኔ ላብ ሌላው ያለ አግባብ በልጽጓል» ማለት ነው። እሱም ቢሆን ቢሳካ የሚያስገኘው ካሣ እንጂ ወርክሾፑን አይደለም፤ ይርጋውም በመግቢያዬ የጠቀስኩት የ5 ዓመቱ ነው።

የሚያስደንቀው፣ የስኮትላንድ ባለእጆች ሥራን ወደ መብት የሚለውጥ ሥርዓት ድሮ የነበራቸው መሆኑ ነው። በግላስጎው 14 የእጅ ሙያ ማኅበራት በ1605 በአንድ ጥላ ሥር ተሰባስበው የሙያ ቤት አቋቋሙ፤ ብረት ቀጥቃጮች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ጫማ ሰሪዎች፣ ሸማኔዎች፣ ዳቦ ጋጋሪዎች፣ ግንበኞች ሁሉ በየማኅበራቸው። አበርዲንም የራሷ ሰባት ማኅበራት ነበሯት። የአባል ልጅ ወይም የአባል ልጅ ያገባ አማች ወደ ማኅበሩ ሲገባ ከባዕድ ያነሰ ክፍያ ይከፍል ስለነበር ደም እዚያም ዋጋ ነበረው። ሆኖም ባዕዱም ቢሆን ለተለማማጅነት ሲገባ ውል ይጻፍለታል፤ ዓመታቱ ይቆጠራሉ፤ ሲጨርስ ጌታው ቢወደውም ባይወደውም የሚጠይቀው ነገር አለው። በ1846 የወጣ ሕግ ማኅበራቱ በከተማ የመነገድና የመሥራት ብቸኛ መብታቸውን አነሣ። ለነጻ ንግድ ጥሩ ነበር፤ እኔም ይመለስ የምል አይደለሁም። ግን ነገሩን ልብ ይሏል፤ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ቀጥቃጭ የጎረቤቱን ልጅ ሲቀጥር ወረቀት ይጽፍ ነበር፣ የዛሬው ቧንቧ ሠራተኛ የገዛ ልጁን 20 ዓመት ሲያሠራ አንድ መስመር አይጽፍም። ልጅ ስለሆነ ውል ማስፈረም ነውር ይመስለዋል። ነውሩን ፈርቶ የተወው ወረቀት በኋላ ልጆቹን ፍርድ ቤት ያገናኛቸዋል።

ጥንቁቅ አባት ደግሞ ይህን ሁሉ በመፍራት ንብረቱን በአደራ፣ ማለትም በትረስት ያስቀምጣል። ወርክሾፑን ለባለአደራዎች ያስተላልፋል፤ ሚስቱ በሕይወት እስካለች ገቢውን ትብላ፣ ከእሷ በኋላ ለልጆች ይሁን ይላል። ባለአደራ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚያውቀውን ልጅ ነው፤ ሌላ ማን ያውቀዋል? እዚህ ላይ ሕጉ ሁለተኛውን ወጥመድ ይዘረጋል። በ1846 በአበርዲን ብሌይኪ ወንድማማቾች የሚባል የብረት ማቅለጫ ድርጅት ለአንድ የባቡር ኩባንያ ሐዲዱን የሚሸከሙ የብረት መቀመጫዎች ለማቅረብ ተዋዋለ። ከወንድማማቾቹ አንዱ ቶማስ ብሌይኪ የባቡሩ ኩባንያ ሊቀ መንበርም ነበር። ኩባንያው የተወሰነውን ብረት ተቀብሎ ቀሪውን አልፈልግም ሲል ድርጅቱ ከሰሰ። ጉዳዩ ለንደን የጌቶች ምክር ቤት ድረስ ሄዶ በ1854 ለኩባንያው ተፈረደ። ጌቶቹ ያሉት ግልጽ ነው፤ የሌላውን ጥቅም እንዲጠብቅ የተሾመ ሰው የራሱ ጥቅም ከዚያ ጋር የሚጋጭበት ውል ውስጥ መግባት አይችልም፣ ዋጋው ተገቢ ነበር አልነበረም ተብሎም አይመረመርም። ይህ ደንብ ዛሬም በስኮትላንድ ባለአደራ ላይ ሙሉ ክብደቱን ይጭናል። ባለአደራ የሆነው ልጅ የአባቱን ወርክሾፕ ከአደራው ልግዛ ቢል፣ ከገበያ ዋጋ በላይ ቢያቀርብ እንኳ፣ የአደራው ሰነድ ካልፈቀደለት ወይም ተጠቃሚዎቹ ሁሉ አውቀው ካልተስማሙ ሽያጩን አንዲት እህት ልታፈርስበት ትችላለች። ወርክሾፑን ማስተዳደር ከሚችለው ሰው በቀር ማንም ሊገዛው ይችላል ማለት ነው። ደንቡ መጥፎ ነው አልልም። ለማያውቀው ቤተሰብ ግን አባት ለታማኝነቱ የመረጠው ልጅ በታማኝነቱ የተነሣ የሚቀጣ ይመስላል።

የእናትየው ነገርም ቀላል አይደለም። ገቢውን የምትበላ የአላባ ተጠቃሚ በመሆኗ የዕለት ጥገና የእሷ ነው፤ ጣሪያው እንዳለ ይለወጥ ከተባለ ግን የወደፊቱ ባለቤቶች ጉዳይ ይሆናል። በዝናባማ አገር የአንድ አሮጌ ወርክሾፕ ጣሪያ የትኛው ጥገና፣ የትኛው ግንባታ እንደሆነ መለየት ስንት ደብዳቤ እንደሚያጻጽፍ መገመት ይቻላል። ሁለተኛ ሚስት ካለች ደግሞ ኑዛዜ አለመተው ራሱ ኑዛዜ ነው። ከ2012 ጀምሮ ባለው የገንዘብ ጣሪያ፣ ባሏ ሳይናዘዝ የሞተባት ሚስት ከሁሉም በፊት የምትኖርበትን የባሏን ቤት እስከ 473,000 ፓውንድ፣ የቤት ዕቃ እስከ 29,000፣ ልጆች ካሉ ደግሞ 50,000 ፓውንድ በጥሬ ገንዘብ ታገኛለች። ለአብዛኛው ባለእጅ ይህ ሁሉም ነገር ነው። ከእሷ በኋላ ንብረቱ የሚሄደው ወደ ራሷ ልጆች ነው፤ የእንጀራ ልጅ ከእንጀራ እናቱ የሚጠይቀው የልጅነት ድርሻ የለውም። በሌላ በኩል እስከ 2024 ድረስ ልጅ ሳይወልድና ሳይናዘዝ የሞተ ሰው፣ ሚስቱ እነዚህን የቅድሚያ ድርሻዎችና ሕጋዊ ድርሻዋን ከወሰደች በኋላ የሚተርፈው ንብረት ከእሷ በፊት ለወላጆቹና ለወንድም እህቶቹ ይሄድ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የድርጅቱን ሒሳብ የያዘች ሚስት ወርክሾፑን ከማያውቅ ወንድም ኋላ ትሰለፍ ነበር ማለት ነው። ያን ቅደም ተከተል ያስተካከለው የ1921ዱን የትረስት ሕግ ለመተካት የወጣው አዲሱ ሕግ ነው።

ደም ሥራን ሲረታ በአደባባይ የታየበት ቦታ ኦባን ነው። በዚች ምዕራባዊ የወደብ ከተማ ካለ ኮረብታ ላይ የሮማን ኮሎሲየም የሚመስል ክብ ግንብ ቆሟል። በ1897 ያስጀመረው ጆን ስቱዋርት ማኬግ የሚባል የባንክ ሰው ነው፤ ክረምት ሲገባ ሥራ ለሚፈቱ የአካባቢው ግንበኞች ሥራ ይሁናቸው፣ ለቤተሰቡም መታሰቢያ ይሁን ብሎ። በ1902 ሲሞት ሀብቱን በአደራ አስቀምጦ፣ የወላጆቹ፣ የወንድም እህቶቹና የራሱ ሐውልቶች ግንቡ ላይ እንዲቆሙ፣ እያንዳንዱም ከ1,000 ፓውንድ እንዳያንስ አዘዘ። ለወጣት ቀራጮች ሽልማት እንዲሰጥም ጠቅሶ ነበር። እህቱ ካትሪን ከሰሰች፤ በ1907 የኤዲንብራው ፍርድ ቤት ይህ አደራ ለማንም ሕያው ሰው ጥቅም አይሰጥም፣ የሟች ከንቱ ምኞት ብቻ ነው ብሎ ውድቅ አደረገው። ሐውልቱ ቢሠራ የሚበሉ ድንጋይ ጠራቢዎችና ቀራጮች ነበሩ፤ ይህ ግን በሕግ የሚቆጠር ጥቅም ሆኖ አልተገኘም፤ የእህትነት ደም ተቆጠረ። ካትሪንም በተራዋ የቤተሰቡ ሐውልቶች በነሐስ እንዲሠሩ ተናዝዛ ሞተች፤ በ1915 የእሷም ትእዛዝ እንደ ወንድሟ ወደቀ። ዳኞቹ ተሳስተዋል ብዬ አልከራከርም፤ ሀብትን በድንጋይ አስሮ መሞት ይከልከል ማለት ትክክል ነው። የማነሣው ዳኞቹ ጥቅምን ሲፈልጉ የት የት እንደተመለከቱ፣ የትኛውን ደግሞ እንዳለፉት ነው።

በዚህ አስተያየት ላይ የሚነሡት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው፣ ልጅነት ደመወዝ አይደለም የሚል ነው። አባት ለታዘዘው ልጅ ብቻ የሚያወርስ ከሆነ ውርስ መግዣ ይሆናል፤ ሕጉ ለእያንዳንዱ ልጅ መሬትን የማይነካ ጥቂት ድርሻ ማስቀመጡ ሴት ልጆችን፣ ከአባታቸው የተጣሉትን፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱትን አድኗል። በዚህ እስማማለሁ። ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች ይህን ድርሻ ያገኙት በ1968 መሆኑን ሳስብ፣ ድርሻው ይሰረዝ የሚል ሰው ምን እንደሚያፈርስ ያወቀው አይመስለኝም። ነገር ግን የእኔ ክርክር ድርሻው ይቅር የሚል አይደለም። ድርሻ የሚወጣው ዕዳ ከተከፈለ በኋላ ነው፤ የባንክ ዕዳ ይቀነሳል፣ የእንጨት አቅራቢው ዕዳ ይቀነሳል። የቀረው ልጅ ለ20 ዓመት ያላገኘው ደመወዝም ዕዳ ነው፤ ከድርሻው በፊት መቀነስ ያለበትም እሱ ነው። ካልተቀነሰ የሄዱት ልጆች የሚካፈሉት የአባታቸውን ንብረት ብቻ ሳይሆን የወንድማቸውንም ጭምር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፤ የቀረው ልጅ ሁልጊዜ ተበዳይ አይደለም። ያለ ኪራይ ቤት ኖሯል፣ በድርጅቱ ነዳጅ ተንቀሳቅሷል፣ የአባቱን ስምና ደንበኛ በነጻ አግኝቷል፤ እህቱ ግን በግላስጎው የቤት ብድር ስትከፍል ኖራለች። እውነት ነው፤ አንዳንዴ ሒሳቡ ቢሠራ ባለዕዳው የቀረው ልጅ ሆኖ ይገኛል። ሕጉ ራሱ ለዚህ ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ የልጅነት ድርሻ ሲከፈል፣ አንዱ ልጅ በአባቱ ሕይወት ከዚያ ድርሻ ላይ በቅድሚያ የተቀበለው ገንዘብ ተመልሶ ወደ ክፍፍሉ እንዲታሰብ ያደርጋል። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ የተሰጠን ገንዘብ መቁጠር ያውቅበታል። የተሰጠን ጉልበት ለመቁጠር ምን ይከለክለዋል? ሒሳብ ቢሠራ የትኛውም ልጅ ሊከፋ ይችላል፤ ካልተሠራ ግን ሁለቱም ወገን ለዕድሜ ልክ የየራሱን ሒሳብ በልቡ ይዞ ይኖራል።

ሦስተኛው፣ አባትየው ይጻፈው፣ ኑዛዜም ሽርክናም በእጁ ነው የሚል ነው። በመርሕ ደረጃ መልስ የለኝም። በተግባር ግን ብዙ አባቶች አይጽፉም፤ የጻፉትም ውጤቱን ሳያውቁ ነው የሚጽፉት፣ ከላይ እንዳየነው የታክስ ምክር የውርስ ድርሻን ሲያዛባ ማንም አይነግራቸውም። ጠበቃ የያዘው አባት ደግሞ ሌላ በር አለው፤ በሕይወቱ እያለ ንብረቱን በእውነት ከሰጠ፣ የልጆቹን ድርሻ ለማምለጥ ቢያደርገውም እንኳ፣ የስኮትላንድ ሕግ ስጦታውን አያስመልስም። ሊጎዳ የሚችለው ያልተማከረው ነው። የእንግሊዝ መንገድ ይምጣ የሚሉም አሉ፤ እኔ ግን በእሱ አልማረክም። የቃል ተስፋ ሙግት ቤተሰብን ለዓመታት ያስራል፤ ያ የ2022ቱ ቤተሰብ አባትና እናት በሕይወት እያሉ ከልጃቸው ጋር ነበር የተካሰሱት፣ ለልጁ የሚከፈለው ገንዘብ ሲፈለግም ጥያቄው እርሻው ይሸጥ አይሸጥ የሚል ሆነ። የሥራን ዋጋ እንደ ተራ ዕዳ መቁጠር ከዚያ የቀለለ ነው፤ ሰው ምን ተናገረ ሳይሆን ምን ተሠራ፣ ምን ተከፈለ ብቻ ነው የሚጠየቀው።

ለአማርኛ አንባቢ በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነገርም አለ። በኤዲንብራ ወይም በግላስጎው ለዘለቄታው ኑሮውን የመሠረተ ኢትዮጵያዊ ቢሞት፣ የስኮትላንድ ፍርድ ቤት የሚንቀሳቀስ ንብረቱን የትም ይሁን የት በስኮትላንድ ሕግ ነው የሚያየው፤ የልጆቹና የሚስቱ ሕጋዊ ድርሻም ከዚያ ይታሰባል። አዲስ አበባ ያለ ቤቱን ግን ቤቱ ላለበት አገር ሕግ ይተወዋል። አንድ ኑዛዜ ለሁለቱም ይበቃል ብሎ ማሰብ ወራሾችን በሁለት አገር ደጅ ያስጠናል።

የስኮትላንድ የሕግ ኮሚሽን በ1990፣ ከዚያም በ2009 ይህን የመሬትና የሚንቀሳቀስ ንብረት ልዩነት ለልጆች ድርሻ ሲባል ማፍረስ ይሻላል ብሎ ሐሳብ አቅርቧል። የ2009ኙ ሪፖርት ሁለት አማራጭ ነበረው፤ ሁሉም ልጅ ከጠቅላላው ንብረት የተወሰነ ድርሻ ያግኝ፣ ወይም ድርሻው ገና በወላጅ እጅ ላሉ ልጆች ብቻ ይቅር። መንግሥት ሕዝብ አማከረ፤ ስምምነት አልተገኘም ብሎም በ2018 ነገሩን ተወው። አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል የእርሻ ባለቤቶች ነበሩ፤ መሬት በልጆች ድርሻ ውስጥ ከገባ እርሻ ይበጣጠሳል፣ አንድ ትውልድ የቆየበት መተዳደሪያ ለድርሻ ተብሎ ይሸጣል የሚል ነበር ሥጋታቸው። ሥጋቱ እውነተኛ ነው። ግቢውን በማኅበር ስም ያዞረው አናጺ ግን ያንኑ አደጋ አሁን ባለው ሕግ ተሸክሞ እየኖረ ነው።